ክራንክሻፍት ሲበላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ዕቃ ዙሪያ የሚዞሩ ናቸው፦ አሮጌ የናፍጣ ትራክተር ሞተር ሲታደስ ተበልቶ የሚገኘው ክራንክሻፍት፣ ማለትም የፒስቶኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠው ዋና ዘንግ። የምንጠቅሳቸው ልኬቶች ለመነሻ ያህል ናቸው። የሞተርዎ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ መመሪያውን ይከተሉ።

ጥያቄ፦ ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለኝ፤ ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው። ሲሞቅ የዘይት ግፊቱ ሚኒሞ (ዝቅተኛው የሞተር ፍጥነት) ላይ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ማረሻ ሲጎትት ደግሞ ከታች ከባድ ድምፅ ይሰማል። መካኒኩ ክራንክሻፍቱ ስላለቀ አዲስ ግዛ ብሎኛል። ሞተሩ ሳይወርድ ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ መጠርጠር ይቻላል፣ ማረጋገጥ ግን በማይክሮሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ምንም አይግዙ።

መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ ትተው፣ የሚታመን መለኪያ በቀጥታ ብሎኩ ላይ ይሰኩና ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ያንብቡ። የዚህ ሞተር ጤናማ ግፊት በሥራ ሙቀትና በሙሉ ፍጥነት ከ2.1 እስከ 4.2 ባር ነው። ሚኒሞ ላይ ዝቅ ማለቱ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ በሙሉ ፍጥነትም ከ2 ባር በታች ከሆነ ግን ነገሩ እውነት ነው። ያኔም ቢሆን ጥፋቱን በክራንክሻፍቱ ላይ ከመጫንዎ በፊት የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ያሽትቱ። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ እንደ ውሃ የቀጠነና መጠኑ የጨመረ ዘይት ካገኙ ከነዳጅ ማንሻው ፓምፕ የተቀደደ ዲያፍራም ወይም ከሚያፈስ ኢንጄክተር ናፍጣ እየገባ ነው። የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ በቆሻሻ ተከፍቶ መቅረት፣ የሞላው (የስፕሪንጉ) መድከምና የዘይት ፓምፑ ማጣሪያ መደፈንም ይኸንኑ ምልክት ያሳያሉ።

ድምፁን በተመለከተ፣ ሞተሩ ሲጫን የሚመጣ ደፈን ያለ ከባድ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከዋናው አንገት (ክራንክሻፍቱ ብሎኩ ላይ ተቀምጦ የሚዞርበት ክብ ክፍል) ብሮንዚና፣ ማለትም አንገቱ ከሚዞርበት ለስላሳ የብረት ልባስ ነው። የቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ብረት) ብሮንዚና ድምፅ ግን ሰላ ይላል፣ ነዳጁ በድንገት ሲለቀቅም ጎልቶ ይወጣል። የትኛው ቢዬላ እንደሆነ ለመለየት ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የአንዱን ኢንጄክተር ቱቦ ዳዶ ግማሽ ዙር ያላሉ፤ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። ድምፁ አብሮ ከቀነሰ ጣጣው እዚያ ነው። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፣ ዳዶውን በጨርቅ ይሸፍኑ። በዚያ ግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባልና እጅዎን አያስጠጉ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ይወቁ። በዚህ ዓይነት ትራክተር ላይ ሞተሩ ራሱ የሻሲው አካል ነው፤ የፊት አክሱሉ ከሞተሩ ፊት ለፊት፣ ካምቢዮው ከኋላው ታስረዋል። ክራንክሻፍቱን ለማውጣት ቮላኖው (ከኋላው የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት)፣ የኋላው ዘይት መያዣ (ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክለው ማሸጊያ) ቤትና የታይሚንግ ጥርሶቹ መውለቅ ስላለባቸው ትራክተሩ ከሁለት ቦታ መከፈል ግድ ነው። ከመክፈልዎ በፊት በፊት አክሱሉና በድጋፉ መካከል በግራም በቀኝም የእንጨት ሽብልቅ ይምቱ። ይህ ከተረሳ የፊቱ ክፍል በመሐል ፒኑ ላይ ተንጋዶ ሰው ላይ ይወድቃል። ካምቢዮውንም በክሪክ ብቻ አያቁሙት፤ ጠንካራ መደገፊያ ይግባበት።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ፈትቻለሁ። ከቢዬላ አንገቶቹ አንዱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ። ግራይንድ ይደረግ (በማሽን ድንጋይ ተሞርዶ ይስተካከል) ወይስ ይቀየር? በምን እወስናለሁ?

መልስ፦ በዐይን አይወሰንም። እያንዳንዱን አንገት ቢያንስ አራት ጊዜ ይለኩ፦ ወደ ፊተኛው ጫፍ ሁለቴ፣ ወደ ኋለኛው ጫፍ ሁለቴ፣ ሁለቱ ልኬቶች እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ተሻግረው። በአንድ ቦታ ላይ በተሻገሩት ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ሞላላነቱን፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ሾጣጣነቱን ይነግርዎታል። ከሁለቱ አንዱ 0.05 ሚሜ ከደረሰ አንገቱ ሳይስተካከል አዲስ ብሮንዚና ማስገባት ብሮንዚናውን መጣል ነው። ብዙ አምራቾች እንዲያውም በ0.025 ሚሜ ያቆማሉ።

ብሮንዚናዎች ከመደበኛው ልኬት በታች በደረጃ ይሸጣሉ፤ 0.25፣ 0.50 እና 0.75 ሚሜ። በኢንች የተሠሩት 0.010፣ 0.020 እና 0.030 ይባላሉ። ለአንዳንድ ሞተር 1.00 ሚሜም ይገኛል። ግራይንድ የሚደረገው ለእነዚህ ደረጃዎች ብቻ ነው፤ በመካከል የሚወድቅ ልኬት ብሮንዚና የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ስሌት በቁጥር እናሳይ። መደበኛ ልኬቱ 57.12 ሚሜ የሆነ የቢዬላ አንገት፣ በተበላበት አቅጣጫ 56.94 ቢገኝ የጎደለው 0.18 ነው። 0.25 ይበቃል ያሰኛል። ነገር ግን የቢዬላ አንገት ዙሪያውን እኩል አይበላም፤ የቃጠሎው ግፊት በአንድ በኩል ስለሚያርፍ 0.18ቱ በአብዛኛው የጠፋው ከአንድ ጎን ብቻ ነው። ማሽኑ አንገቱን በመጀመሪያው ማዕከሉ ላይ ክብ የሚያደርገው ከተቃራኒው ጎንም ያንኑ ያህል በማንሳት ነው። ስለዚህ የሚነሳው 0.36 ይሆናል፤ 0.25 አያጸዳውም፣ ወደ 0.50 መውረድ አለበት። በ0.25 እንዲጸዳ ብለው ማዕከሉን ወደ አንድ ጎን የሚያሸሹ ቶርኖ ቤቶች አሉ። እንዲህ ሲደረግ የዚያ ሲሊንደር ፒስቶን የሚወጣበት ከፍታ ከሌሎቹ ይለያል። አይፍቀዱላቸው።

አንዱ አንገት 0.50 ከጠየቀ የቢዬላ አንገቶቹ ሁሉ ወደ 0.50 ይወርዳሉ፤ ብሮንዚናው የሚሸጠው በሙሉ ስብስብ ነውና። ዋና አንገቶቹ ግን ለብቻቸው ናቸው፤ እነሱ በ0.25 ሊቀሩ ይችላሉ።

ክራንክሻፍቱ መቀየር ያለበት ስንጥቅ ሲኖረው፣ ከመጨረሻው የብሮንዚና ደረጃ በታች ሲበላ፣ የፊተኛው ጥርስ የሚታሰርበት የቁልፍ ቦይ ሲሰበር፣ ወይም ዘንጉ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ በሚይዙት ግማሽ ጨረቃ ሮንዴላዎች የሚደገፈው የጎን ፊት መመሪያው ከሚፈቅደው በላይ ሲያልቅ ነው። አንገቱ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ካገኙትም ይጠንቀቁ፤ ያ ቀለም ብረቱ በሙቀት ጥንካሬውን እንዳጣ ይናገራልና ጥንካሬው ተለክቶ፣ ስንጥቁ ተመርምሮ ካልሆነ አይግባ።

ለስንጥቅ ምርመራ በማግኔትና በብረት ብናኝ የሚሠራውን የሚተካ የለም። እሱ እስኪገኝ ድረስ ዘንጉን በደንብ አጽድተው በገመድ ያንጠልጥሉና በትንሽ መዶሻ መታ ያድርጉት። ያልተሰነጠቀው እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ይላል። ደወል ቢልም ግን ጥርጥሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ትንሽ ስንጥቅ በድምፅ አይያዝም።

ጥያቄ፦ ቶርኖ ቤት ልወስደው ነው። ምን ብዬ ልዘዝ? ሲመለስስ ምኑን ልይ?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ የአንገቱ ጥግ ነው። አንገቱ ከክንዱ (አንገቶቹን ከሚያያይዘው ጠፍጣፋ ክፍል) ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሹል ማዕዘን ሳይሆን ለስላሳ ቅስት ነው፤ ዘንጉ ሲጠማዘዝ ጭነቱ የሚከማቸው እዚያ ነው። የግራይንዲንግ ድንጋዩ ጠርዝ ያንን ቅስት ካጠፋውና ሹል ጥግ ከተወ ዘንጉ የሚሰበረው ከዚያው ነው፤ ዛሬ ሳይሆን ከወራት ሥራ በኋላ። ቅስቱ ከልክ በላይ ቢሰፋ ደግሞ የብሮንዚናው ጠርዝ ይጋልበዋል። መመሪያው ላይ ያለውን የቅስት ልኬት ጽፈው ይስጧቸው፤ ሲመለስም በራዲየስ ጌጅ ይፈትሹት። "እኛ እናውቃለን" የሚል መልስ ልኬት አይሆንም።

ሁለተኛው የብረቱ አያያዝ ነው። አንዳንድ ክራንክሻፍቶች በናይትሮጅን የጠነከሩ ናቸው፤ የጠነከረው ንብርብር በጣም ስስ ስለሆነ ግራይንድ ሲደረግ ይገፈፋል፣ ዘንጉም እንደገና መጠንከር አለበት። በኢንዳክሽን የጠነከሩት ግን ንብርብራቸው ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚወርድ አንድ ሁለት ደረጃ ይችላሉ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከመመሪያው ያረጋግጡ።

ሲመለስ በየአንገቱ ላይ ያለው የዘይት ቀዳዳ አፉ በትንሹ መክፈፉንና መለስለሱን ይዩ፤ ሹል ሆኖ የቀረ አፍ ብሮንዚናውን እንደ ቢላ ይፍቀዋል። ቀጥተኛነቱን ለመፈተሽ ሁለቱን የጫፍ አንገቶች በቪ ቅርጽ ድጋፍ ላይ አስቀምጠው በመካከለኛው አንገት ላይ ዳያል ጌጅ ያሳርፉና ያዙሩት። ጌጁ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው 0.05 ሚሜ ካነበበ ትክክለኛው ጥመት የዚያ ግማሽ ነው፤ ንባቡ ከ0.05 በላይ ከሄደ ወደ መጣበት ይመለስ።

ከዚያ ማጽዳት አለ። በግራይንዲንግ ጊዜ የወጣው ብናኝ የዘይት መተላለፊያው ውስጥ ይገባል። በጠመዝማዛ የተደፈኑ ጫፎች ካሉ ይፍቷቸው፤ ረጅም ቀጭን ብሩሽ በናፍጣ እየነከሩ እያንዳንዱን ቀዳዳ ከሁለቱም በኩል ይውጉ፣ በአየር ይንፉ፣ ነጭ ጨርቅ ይዘው ይቀበሉ። ጨርቁ ላይ ግራጫ እስካለ ድረስ ይደጋግሙ። ይህን ሥራ ቶርኖ ቤቱ ሠርቶታል ብለው አይለፉት። እድሳት ከሚያበላሹ ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ሁሉም ነገር በትክክል ተሠርቶ ሲያበቃ ያችው ብናኝ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አዲሱን ብሮንዚና ትጨርሰዋለች።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ክራንክሻፍት አግኝቻለሁ። ሞተሬ ላይ እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የዕቃውን ቁጥር ከሞተርዎ ቁጥር ጋር ያመሳክሩ፤ ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስተኝተው ይለኩ። ጠቅላላ ርዝመት፣ የአንገቶቹ ስፋት፣ የኋላው ፍላንጅ ቡሎን ብዛትና አቀማመጥ፣ የፊተኛው አፍንጫ ውፍረት፣ የቁልፍ ቦዩ ቦታ አንድ መሆን አለባቸው። በተለይ የኋላውን ጫፍ ያስተውሉ፦ አንዳንዱ ለገመድ ዘይት መያዣ፣ አንዳንዱ ለጎማ ኦይል ሲል የተሠራ ነው፤ ሳይዛመድ ቢገባ ዘይቱ ፍሪሲዮን ላይ ይወርዳል። የአንገቱንም ልኬት ሻጩ በነገረዎት አይውሰዱ፤ ቀድሞ 0.50 የተደረገ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል። መግጠሙን ከየት ልጀምር? ጓደኞቼ ብሮንዚናው ጀርባ ዘይት ወይም ግሪስ ይቀባ ይላሉ።

መልስ፦ ጀርባው ደረቅና ንጹሕ ነው የሚገባው። ብሮንዚናው ሙቀቱን ለብሎኩ የሚያስተላልፈው ብረት ለብረት ሲነካካ ነው፤ ከሥሩ ያለ ዘይት፣ ፀጉርም ቢሆን፣ ብሮንዚናውን ያንከረፍፈዋል። ከብሎኩ ጠርዝ በትንሹ ከፍ ብሎ መታየቱም ጥፋት አይደለም፤ ካፑ (ብሮንዚናውን ከሥር የሚይዘው ክዳን) ሲጠብቅ ተጨምቆ እንዳይዞር የሚይዘው ያ ትርፍ ነው። በፋይል አይምቱት፣ ከካፑም ላይ ብረት አያንሱ።

ከሁለቱ ግማሾች ቀዳዳና ቦይ ያለው በብሎኩ በኩል ይገባል። ቢገላበጥ ከብሎኩ የሚመጣው የዘይት ቀዳዳ ይደፈናል፣ አንገቱም ደርቆ ይነዳል። ገጥመው ሲያበቁ በእያንዳንዱ የዘይት ቀዳዳ ሽቦ ያሳልፉና ክፍት መሆኑን በእጅዎ ያረጋግጡ።

የብሮንዚና ካፖች ከብሎኩ ጋር አንድ ላይ የተበሱ ስለሆኑ ቦታቸውም አቅጣጫቸውም አይለወጥም። ቁጥር ከሌላቸው ገና ሲፈቱ ምልክት ያድርጉባቸው።

ክፍተቱን በፕላስቲጌጅ ይለኩ። ይህ እንደ ክር ቀጭን የሆነ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ አንገቱ ደርቆ ሳለ በርዝመቱ ያስቀምጡበታል፣ ካፑን በሙሉ ቶርክ (መመሪያው ባዘዘው የማጥበቂያ ኃይል) ያስሩታል፣ ክራንክሻፍቱን ፈጽሞ ሳያዞሩ መልሰው ይፈቱታል። የተደፈጠጠውን ስፋት ከማሸጊያው ላይ ካለው መለኪያ ጋር ያስተያዩ፤ ሰፊ ከሆነ ክፍተቱ ጠባብ ነው፣ ጠባብ ከሆነ ሰፊ። ከ57 እስከ 70 ሚሜ ለሚሆኑ አንገቶች ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሜ ውስጥ ይወድቃል።

ልኬቱ ከተስማማ ፕላስቲኩን በዘይት ጠርገው ያንሱ፣ የብሮንዚናውን ፊት በሞተር ዘይት በብዛት ያጥቡ፣ ክራንክሻፍቱን ቀጥ አድርገው ያውርዱ። ግማሽ ጨረቃ ሮንዴላዎቹ የዘይት ቦይ ያለበት ፊታቸው ወደ ክራንክሻፍቱ ይዞራል፤ ወደ ብሎኩ የዞረ ሮንዴላ ዘይት አያገኝም። ቡሎኖቹን በሦስት ዙር ያጥብቁ፦ ሲሶውን፣ ሁለት ሲሶውን፣ ሙሉውን። አንድ ካፕ በጠበቀ ቁጥር ዘንጉን በእጅ ያዙሩት። በመጨረሻ ዘንጉን ወደፊት ገፍተው፣ ወደኋላ ስበው፣ የፊትና የኋላ ጨዋታውን በዳያል ጌጅ ወይም በፊለር ጌጅ ይለኩ። ለብዙ ሞተር ከ0.1 እስከ 0.35 ሚሜ ነው። ከበዛ ወፍራም ሮንዴላ ይገኛል፤ ለፐርኪንስ በ0.19 ሚሜ የወፈረው ይሸጣል። እነዚህ ሮንዴላዎች ቶሎ የሚያልቁት እግሩን ከፍሪሲዮን ፔዳል የማያነሳ ሹፌር ሲኖር ነው፤ በየጊዜው የሚገፋው ክራንክሻፍቱን ነውና።

የኋላው የገመድ ዘይት መያዣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ግማሽ ቤቱን ሞርሳ ላይ ቦዩ ወደ ላይ እንዲሆን ያስሩ። ከገመዱ ሁለቱም ጫፍ 25 ሚሜ ያህል አስቀድመው ወደ ቦዩ ያስገቡ፤ ጫፎቹ ከመጋጠሚያው ፊት ከ0.25 እስከ 0.50 ሚሜ ብቻ ብቅ ይበሉ። መሐሉ ተቆልምሞ ይቀራል፤ እሱን በአውራ ጣት ወደ ታች ይጫኑ፣ ከዚያ በክብ ዘንግ እያንከባለሉ ያስተኙት። ረዝሟል ብለው አይቁረጡት። ለክራንክሻፍቱ የሚዞረውን ፊት የግራፋይት ግሪስ ይቀቡ። ገመዱ አዲስ ሲሆን ዘንጉን ትንሽ ከበድ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የብሮንዚናውን ልቅነት መፈተሽ ገመዱ ከመግባቱ በፊት ነው።

ታይሚንግ ላይ የጥርሶቹን ምልክቶች አግጥመው ካሰሩ በኋላ አንድ ዙር ሲያዞሩት ምልክቶቹ ባይገጥሙ አይደንግጡ። በመካከል ያለው ጥርስ ቁጥሩ ስለሚለያይ ምልክቶቹ ተመልሰው የሚገናኙት ከብዙ ዙር በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሦስተኛውን ካፕ ሳጠብቅ ክራንክሻፍቱ አልዞር አለ። ሲላላ ይዞራል። አስነስቼው ቢሠራ ይላላል ተብያለሁ።

መልስ፦ አይላላም፣ ይነክሳል። እንዳያስነሱት። ካፑን ያንሱና በቅደም ተከተል ይዩ፦ ተገልብጦ ወይም ከሌላው ጋር ተቀያይሮ ገብቶ ይሆን? ከብሮንዚናው ሥር ቆሻሻ ወይም የብረት ፍንጣሪ አለ? ብሮንዚናው ጀርባ ላይ የታተመው ልኬት ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው? በአንድ ስብስብ ማሸጊያ ውስጥ የተለየ ልኬት ገብቶ ይገኛል። እነዚህ ደህና ከሆኑ የብሮንዚናውን ፊት በቋሚ እስክሪብቶ ቀብተው ያስሩና ዘንጉን ትንሽ ያንቀሳቅሱት። ቀለሙ ከጠርዙ ብቻ ከተፋቀ ቅስቱ እየነካ ነው፤ ከአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ዘንጉ ወይም የብሎኩ መሥመር ጠምሟል። የብሎኩን መሥመር ለማረጋገጥ ካፖቹን ያለ ብሮንዚና በሙሉ ቶርክ አስረው ቀዳዳዎቹን በውስጥ መለኪያ ይለኩ።

ጥያቄ፦ ከዚህ በፊት ክራንክሻፍት አስቀይሬ ብሮንዚናው ቶሎ ተመልሶ አለቀ። ምክንያቱን እንዴት ላግኝ? ሁለተኛ እንዳይደገም ሲነሳስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሮጌውን ብሮንዚና አይጣሉ፤ ቁጥር ጽፈው በተርታ ይደርድሩት። ዙሪያውን የዞሩ ጭረቶችና የተሰኩ ጥቁር ነጠብጣቦች ቆሻሻ ናቸው፦ ያልጸዳ ዘንግ፣ ያረጀ የዘይት ፊልትሮ፣ ወይም አቧራ የሚያስገባ የአየር ማጣሪያ። ተቀልጦ የተቀባ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ፊት የዘይት ጥም ነው። ተቦርቡሮ የጠቆረው ዝገት ነው፤ ውሃ ወይም የናፍጣ አሲድ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። ከላይኛውና ከታችኛው በተቃራኒ ጠርዞች የተበላ ከሆነ ቢዬላው ጠምሟል። ጀርባው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ይንቀሳቀስ ነበር። ምክንያቱ ሳይነሳ የሚገባ አዲስ ክራንክሻፍት ያንኑ መንገድ ይደግማል። የዘይት ፓምፑም አብሮ መለካት አለበት፤ በተበላ ፓምፕ ላይ አዲስ ብሮንዚና መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ከማስነሳትዎ በፊት ፓምፑንና አዲሱን ፊልትሮ በዘይት ይሙሉ። የማጥፊያውን ገመድ ስበው፣ ናፍጣ እንዳይገባ አድርገው፣ የግፊት መለኪያው እስኪነሳ ድረስ በስታርተር ያዙሩት፤ በአንድ ጊዜ ከ10–15 ሰከንድ አይብለጥ፣ በመካከሉ ስታርተሩ ይረፍ። ከተነሳ በኋላ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ግፊት ካልታየ ያጥፉት። ሚኒሞ ላይ ለረጅም ሰዓት አያቆዩት፤ ከመካከለኛ ፍጥነት ጋር መጠነኛ ጭነት ይሻለዋል፣ የፒስቶኖቹ ፋሻዎችም (ቀለበቶችም) የሚቀመጡት በዚያ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 25 ሰዓታት ሥራ በኋላ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ። የወጣውን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጠው የወረቀቱን እጥፋት ይዘርጉ። ጥቂት ደቃቅ ብናኝ የተለመደ ነው። ቅጠል የመሰሉ ብልጭልጮች ካሉ ማግኔት ያስጠጉ፦ ከተሳቡ ብረት ነው፣ ካልተሳቡ የብሮንዚና ልባጥ ነው፤ በሁለቱም ትራክተሩ ወደ ሥራ ሳይመለስ የዘይት ገንዳው ይወርዳል።